ጽዋው ማን ዘንድ ነው?

በሽንፋ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ለኅትመት ተስተካክሎ

ጡረታ የወጣ ነርስ ጠርታችሁ ስለ ስልክ እንዲናገር በመፍቀዳችሁ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ጋባዦቼ «ስለ ሙያ ማኅበርና ስለ ቴሌግራም ቢነግሩን» ሲሉኝ፣ ይህ የልጆች ጉዳይ ነው ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የኖረ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

ዓላማዬ አንዲት ጥያቄ ናት። ከዋና ከተማ ርቆ የሚሠራ ባለሙያ በማኅበሩ ውስጥ በእውነት አባል ሆኖ የሚቆየው በምንድን ነው? መልሴን አልደብቅም፤ ተራ ሲደርሰው ነው እላለሁ። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ማኅበር የሚለውን ቃል እናያለን፤ ቀጥሎ እኛው ዘንድ የደረሰ፣ የሰው ሕይወት ያስከፈለ አንድ ታሪክ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በስልክ የሚገናኝ የባለሙያ ቡድን እንዴት እንደሚያዝ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋም ምን እንደሚደረግ እናወራለን።

ነገሬን ከወንዛችን ልጀምር። የሽንፋ ወንዝ ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለዚሁ ወንዝ ዳርቻ አንድ ጥናት አወጣ። ከ74 ሺህ ዓመት ግድም በፊት፣ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ እዚህ የኖሩ ሰዎች በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ ከየኩሬው ዓሣ እያወጡ፣ የሰጎን እንቁላልም እየበሉ መክረማቸውን ተመራማሪዎቹ ከአጥንቱ፣ ከቅርፊቱና ከድንጋይ መሣሪያው አነበቡ። ቦታውን «ሽንፋ መተማ አንድ» ብለውታል። እንግዲህ ሽንፋን ጥናቱን የመሩት ቴክሳስ ያሉ ምሁራን ያውቋታል። በዚሁ ከተማ ሌሊት ተረኛ ሆና የምታድረውን ባለሙያ ግን የራሷ የሙያ ማኅበር የሚያውቃት በመታወቂያ ቁጥሯ ነው።

ማኅበር ስንል ምን ማለታችን ነበር? ጽዋ የሚጠጣ ሰው ያውቀዋል። አሥራ ሁለት ወይም ሃያ ሰው በወሩ በአንድ ቀን ይሰበሰባል። ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ይጠብቃል። ሙሴው ሥርዓቱን ያስይዛል፤ የቀረ ካለ «እገሌ ምነው ጠፋ? ታሞ ነው ወይስ መንገድ ሄዶ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ ያም ሰው ይዞት ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚመጣው ወር በእጁ ነው። በሙስሊሙ ወገናችንም በየሰፈሩ ባለው ጀማዓ ተመሳሳይ ወግ አለ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሰሚ ብቻ የሆነ ሰው የለም። ድሀም ቢሆን፣ ቃል የማይወጣውም ቢሆን ተራው ይደርሰዋል፤ ያን ዕለት ቤቱ የማኅበሩ ቤት ነው።

የሙያ ማኅበሮቻችን ስሙን ከዚህ ወስደዋል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 ተመሠረተ፤ የሕክምና ማኅበሩ መጽሔት በ1962 መታተም ጀመረ፤ የኅብረተሰብ ጤና አጠባበቅ ማኅበር በ1989፣ የሚድዋይፎች ማኅበር በ1992 ተቋቋሙ። መጽሔት አሳትመዋል፣ ሥልጠና ሰጥተዋል፣ ስለ ሙያው ክብር ተከራክረዋል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው አይደለሁም። ስሙን ሲወስዱ ተራውን ግን አልወሰዱም። የጠረፍ ባለሙያ ማኅበሩን የሚያውቀው መዋጮ ሲቆረጥና የዓመቱ ጉባኤ ሲጠራ ነው። ጉባኤው አዲስ አበባ ነው። ከሽንፋ ገንዳ ውኃ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ዘመን እንኳ ማን ይሄዳል? ኃላፊው ይሄዳል። ሲመለስ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ይመጣል፤ ደብተሩ ባዶ ነው።

ከዚያ ስልኩ መጣ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ስብሰባው ሁሉ ወደ ስክሪን ተዛወረ፤ የቴሌግራም አድራሻ የሌለው ማኅበርም ብርቅ ሆነ። እዚህ ላይ ወጣቶቹ የሚያውቁትን፣ እኛ ሽማግሌዎች ዘግይተን የገባንን አንድ ልዩነት ልብ በሉልኝ። ቻናል ሌላ፣ ግሩፕ ሌላ ነው። በቻናል አንዱ ይናገራል፣ የቀረው ይሰማል፤ የድሮው ነጋሪት ነው። አዋጅ ለማስነገር ይሻላል፤ አባል ለማሳተፍ ግን አይሆንም። አንዳንድ የማኅበር መሪ «ይህን ያህል ሺህ ተከታይ አፍርተናል» ብሎ ደስ ሲለው አያለሁ። ነጋሪት የሰማ ሁሉ አባል ቢሆን ኖሮ ገበያው በሙሉ ማኅበርተኛ በሆነ ነበር።

ግሩፑስ? ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የአንድ ትልቅ የባለሙያዎች ግሩፕ መልእክት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ስሙን አልጠራም። የበዓል ካርድ አለ፤ የሻማ ስቲከር አለ፤ «መሬት የሚገዛ በውስጥ ያናግረኝ» አለ፤ አንዱ የላከውን ምርቃት አሥር ሰው አሜን ብሎለታል። በመካከሉ አንዲት ነርስ እንዲህ ስትል ጽፋለች፦ «ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚሁ የቀረ ልጅ ነው። ዓምና ካላዛር ታክሟል። አሁን ትኩሳቱ ተመልሷል፣ ጣፊያው አብጧል። ፈጣን ምርመራው ፖዘቲቭ ነው። እንደገና ላስጀምረው?» ከሥሯ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው። «አሜን» ይላል። ከላይ ላለው ምርቃት መሆኑ ነው።

ለሙያው ቅርብ ያልሆናችሁ ታዳሚዎች ጥያቄዋ ለምን ከባድ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው የካላዛር ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ጥገኛ ተሐዋሲውን ሳይሆን፣ ሰውነት ለእርሱ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ሰው ከዳነ በኋላም ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ቀድሞ የታከመ ሰው ላይ ምርመራው አዎን ቢል የዓምናው ይሁን የዘንድሮው አይለይም። ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የሆስፒታል ሥራ ነው። መልሱ እንግዲህ «መርፌውን ሳትጀምሪ ሪፈር በይው» የሚል አንድ መስመር ነበር። ያን መስመር መጻፍ የሚችሉ ሰዎች እዚያው ግሩፕ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ድምፁን ዘግተውታል። እኔም ዘግቼው ነበርና ልፈርድባቸው አልችልም። እርሷን የመለስኩላት ዘግይቼ፣ በውስጥ መስመር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ፣ ወደ ታሪኩ ልሻገር። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ተብለን ነው የተማርነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከመረሬው አፈር ስንጥቅና ከግራሩ ጥላ ሥር አትጠፋም። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ማሳ ዳር ከዛፍ ሥር ሲያድር ትነክሰዋለች። ሕመሙ ወዲያው አይታይም፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ በሚባለው ክምር ቆሞ፣ ተራግፎ፣ ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ አገሩ ከገባ በኋላ ነው ትኩሳቱ የሚነሳው። በሽታውን አሳምሮ የሚያውቀው የቆላው ባለሙያ ታማሚውን አያገኘውም፤ ታማሚውን የሚያገኘው የደጋው ባለሙያ ደግሞ በሽታውን አያውቀውም።

በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነው ይኸው ነው። ሰዎች ትኩሳት እየያዛቸው፣ ሆዳቸው እየተነፋ፣ እየከሱ መሞት ጀመሩ። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው። አልተሻላቸውም። እንግዲያው ወባው መድኃኒቱን ተላምዶታል ተባለ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሕክምና ጀመረ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታከመ። ያጠኑት ሊቃውንት በሽታውን ወደዚያ ያደረሱት ከመተማና ከሑመራ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ።

ከሊቦ ከምከም ዋና ከተማ ከአዲስ ዘመን ተነስቶ በደህና ቀን መተማ ለመግባት አንድ ቀን ይበቃል። እዚህ ቆላ ውስጥ ለሁለት ሳምንት የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና ወባ የሌለበት ደም አንድ ላይ ያየ ጤና ረዳት ሁሉ ካላዛርን ይጠረጥራል። ስለዚህ ዕውቀቱ አገር ውስጥ ነበር፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ተቀምጦ ነበር። ለምን አልደረሰም? በእኛ አሠራር ወሬ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል፤ እንደገና በመመሪያ መልክ ይወርዳል። ከሽንፋ ነርስ ወደ አዲስ ዘመን ነርስ በቀጥታ የሚሄድበት መንገድ አልተሠራለትም። በአንድ ጉዳይ የሚሰባሰብ የባለሙያ ቡድን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀትን ወደ ጎን ያስኬዳል።

ቡድኑ በወረዳና በዞን ሳይሆን በጉዳይ ይሰብሰብ የምለውም ለዚህ ነው። የካላዛር ቡድን ቢኖረን የሽንፋዋን ነርስ፣ የአዲስ ዘመኑን የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የሚሠራውን ሐኪም በአንድ ቤት ያስቀምጣል። ከገላባት ማዶ፣ ገዳሪፍ ውስጥ ያው ዝንብ፣ ያው ጥቁር አፈር፣ ያው ሰሊጥ አለ፤ አረብኛ የሚያውቅ ባልደረባ ካገኘን የዚያ ወገን ሰውም ይግባ። መምህራንም እንዲሁ። የአፍ መፍቻቸው ጉሙዝኛ የሆነ ልጆችን የሚያስተምር የዚህ ወረዳ መምህር አቻው ያለው ጎንደር ከተማ አይደለም፤ መተከል፣ ማንዱራ ነው። ክልሉ ሌላ ነው ብሎ ማኅበሩ ካልለያያቸው በቀር ሁለቱ የሚያወሩት ብዙ ነው። የግብርና ባልደረቦቼ ደግሞ ሰሊጥ ሳይረግፍ መቼ ይታጨድ በሚለው ብቻ ዓመት ሙሉ ልትከራከሩ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ አልገባበትም።

ሦስተኛው ነገሬ አያያዙ ነው። ሌላው ዓለም የሠራውን አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ በምትባል ከተማ ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም አሉ። ሄፓታይተስ ሲ የያዘው ሰው እርሳቸው ዘንድ ለመታየት ስምንት ወር ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ ብዙው ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ዘዴ ጀመሩ። በሳምንት አንድ ቀን የገጠርና የማረሚያ ቤት ሐኪሞች በቪዲዮ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ የራሱን ታማሚ ጉዳይ ያቀርባል፣ ሌሎቹ ይጠይቃሉ፣ ስፔሻሊስቶቹ ይመክራሉ። ታማሚው አይንቀሳቀስም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። በእርሳቸው የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ በ21ዱ የገጠርና የማረሚያ ቤት ጣቢያዎች ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶ ተፈወሱ። የገጠሩ ሐኪም ከስፔሻሊስቱ እኩል አከመ ማለት ነው። ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ቪዲዮውን ነው። እኔ የወሰድኩት ተራውን ነው፤ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ታማሚ ይዞ የሚቀርብበት ቀን አለው።

ተራ ለእኛ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ያስፈልገናል። ዴንማርካዊው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 እንደጻፈው፣ በኢንተርኔት ከሚሰበሰቡ መቶ ሰዎች ዘጠናው ያነባሉ፣ ዘጠኙ አልፎ አልፎ ይናገራሉ፣ አብዛኛውን የሚናገረው አንዱ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ዝምታው ሌላም ሥር አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ሁለት ዓመት የሠራ ነርስ ስፔሻሊስት ባለበት ቤት አይጠይቅም። «ይህንንም አታውቅም?» እንዳይባል ይፈራል። ቢጠይቅም በውስጥ መስመር፣ ለሚያውቀው ሰው ነው፤ መልሱ ለአንድ ሰው ብቻ ይደርሳል። ተራ ሲኖር መጠየቅ አላዋቂነት መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል። «የዚህ ወር ተረኛ እኔ ነኝ፣ ይህችን ታማሚ ይዤ ቀርቤያለሁ» ማለት ጠላ ጠምቆ እንግዳ እንደ መቀበል ነው። ማንም አያፍርበትም።

ሙሴም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ «ፕሮሜድ» የሚባል የኢሜይል መረብ አለ። ከዓለም ዳርቻ ያሉ ሐኪሞች ያዩትን እንግዳ በሽታ ይጽፉለታል፤ የሳርስን ወሬ በየካቲት 2003፣ የውሃኑን የሳንባ ምች በታኅሣሥ 30 ቀን 2019 ለዓለም ያሰማ እርሱ ነው። የመጣው ሁሉ እንደመጣ አይተላለፍም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው አንብቦ፣ አጣርቶ፣ አስተያየቱን ጨምሮ ነው የሚለቀው። አድሚን ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው። በእኛ አገር አድሚን የሚሆነው ግሩፑን የከፈተው ሰው ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ከፍቼ ነበር። ስልኬ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሳላስፈቅድ አስገባሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ወጣ፣ የቀረው ካርድ መላላክ ጀመረ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ሰውን የምጠራበት ጉዳይ ሳይኖረኝ ጠራሁት።

ቁጥሩ ከሠላሳ አይብለጥ እላለሁ። የበዓል ካርድና ፖለቲካ ሌላ ቤት አላቸው፤ በተለይ በዚህ ዘመን ሰው በአንድ ቃል የሚፈራረጅበት ግሩፕ ለሙያ አይሆንም። የታማሚ ስም፣ ፊትና ቀበሌ አይለጠፍ። ሽንፋ ትንሽ ከተማ ናት፤ «የእገሌ ልጅ አይደለም እንዴ?» ለመባል ግማሽ ፎቶ ይበቃል። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የሚጠየቀው የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ በቡድን ውስጥ ጉዳይ ያቀረበንም ቢጨምር መልካም ነው። ነጥቡን ግን መጀመሪያ አታድርጉት፤ ነጥብ ፈላጊ ብቻ ይሰበሰብባችኋል።

ኔትወርኩስ? ይህን የምጠይቀው ከእናንተ ቀድሜ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ማንም አይረሳም። በስልክ ብቻ የቆመ ቡድን ያን ጊዜ ይፈርስ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር እመክራለሁ። በቪዲዮ አትጀምሩ፤ ዳታውም አይበቃችሁም፣ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ለሥራው ይበቃል። ሁለተኛው፣ ተረኛው በወሩ መጨረሻ የተባለውን በአንድ ገጽ ይጻፈው። ጉዳዩ ምን ነበር፣ ምን ተመከረ፣ ታማሚው ምን ሆነ። ያ ገጽ ይታተምና ተረኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስልክ ለሌላት፣ ገና ለተቀጠረችውም ይደርሳታል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ተረኛው በተራ ስልክ ለሁለት ሰው ይደውላል፣ እነርሱም ለሁለት ሁለት። እድራችን ለቅሶ የሚያስነግረው በዚህ አይደለም?

ባለሙያ ያልሆናችሁ አባቶችና እናቶች፣ ይህ ሁሉ ምን አገባን እንደማትሉ ተስፋ አለኝ። ልመናዬ ለእናንተም ነው። ልጃችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ነርሷ ስልኳን ስትነካካ ብታገኟት ቶሎ አትቆጡ፤ ስለ ልጃችሁ እየጠየቀች ይሆናል። «ማንን ጠየቅሽ? ምን አሉሽ?» በሏት። ያን ጥያቄ ከእናንተ ስትሰማ የምትጠይቀው ሰው እንዲኖራት ማኅበሯን ትወተውታለች።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፣ አዳራሹ በር ላይ በተቀመጠው ደብተር የካላዛሩን ቡድን ስም መመዝገብ ጀምረናል። የአጨዳው ሠራተኛ የሚወርደው በመስከረም ነውና የመስከረምን ተራ እኔ ይዣለሁ። ጥቅምት ክፍት ነው።